መኪናዋ ራሷ ትመስክር፦ ያገለገለች ቪትዝ ከመግዛት በፊት

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር በዕቁብና በቁጠባ ለብዙ ዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ያገለገለች ቪትዝ ሊገዙ ተነሡ እንበል። ደላላው «ሞተሯ ያልተነካ፣ ሴት የነዳቻት፣ ስልሳ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደች ናት» ይላቸዋል። መኪናዋ ታጥባ፣ ጎማዋ ጠቁሮ፣ ውስጧ ሽቶ ተረጭቶበት ፀሐይ ላይ ቆማ ታብረቀርቃለች። መምህሩም በዩኒቨርሲቲ የምትማረውን ልጃቸውን ጠርተው «ልጄ፣ አንቺ ሳይንስ ተምረሻል፤ እስቲ እይልኝ» ይሏታል። ልጅቷ መካኒክ አይደለችም፤ ሞተር ፈትታም ገጥማም አታውቅም። ታዲያ ምን ልታይላቸው ትችላለች?

ውድ አንባቢያን፣ መልሱ ብዙ ነገር ነው። ሙቀት፣ ግፊት፣ ሰበቃና ዝገት በብረት ላይ አሻራቸውን ትተው ያልፋሉ። ሻጭ ሊሳሳት ወይም ሊዋሽ ይችላል፤ እነዚህ አሻራዎች ግን አንዱን በአንዱ እያመሳከረ ለሚያነባቸው የመኪናዋን ታሪክ ይነግራሉ።

ቪትዝ ማን ናት?

ቶዮታ ቪትዝ በጃፓን ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በአውሮፓ «ያሪስ» በሚል ስም የተሸጠች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላም ተመርጣለች። የመጀመሪያው ትውልድ አነስተኛ ሞተር 997 ሲሲ ሆኖ አራት ሲሊንደር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2005 በመጣው ሁለተኛ ትውልድ ግን አነስተኛው ሞተር 996 ሲሲና ባለ ሦስት ሲሊንደር ሆነ። ይህን ማወቅ ጥቅም አለው። ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ቆሞ ሲሠራ ከባለ አራቱ ይልቅ መንቀጥቀጡ የተፈጥሮው እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም።

በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። በዚህም ምክንያት በገበያ ላይ የምትገኝ ቪትዝ በአብዛኛው ቀደም ብላ የገባች፣ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈችና ዕድሜዋ የገፋ ናት። ዕድሜዋ ቢገፋም ዋጋዋ ውድ ነውና ስሕተቱም እንደዚያው ውድ ነው።

ከፍታው የሚያስከትለው መሳሳት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየርም በዚያው መጠን ስለሚሳሳ ጉልበቱን በሩብ ገደማ ያጣል። በፋብሪካ 70 የፈረስ ጉልበት የተመዘገበለት ሞተር እዚህ ሃምሳ ጥቂት ፈሪ ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። ስለሆነም አንዲት ቪትዝ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ብትደክም ሞተሯ አርጅቷል ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው። በሌላ በኩል ሻጩ ድክመቷን ሁሉ በከፍታው ቢያሳብብ ያንንም መቀበል አይገባም። ትክክለኛው መንገድ ማነጻጸር ነው፤ ያው ሞተር ያላትን፣ ደኅንነቷ የታወቀ ሌላ ቪትዝ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ መንዳት።

የሲሊንደር ግፊት ሲለካም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባሕር ወለል 13 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 10 ባር ገደማ ቢያሳይ ሊያስደንቅ አይገባም። በመጽሐፍ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ደኅናውን ሞተር «ያለቀለት» ሊለው ይችላል። ከጠቅላላው ቁጥር ይልቅ ሊታይ የሚገባው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለቱ 10 ባር ሲያሳዩ ሦስተኛው 7 ቢያሳይ፣ በዚያ ሲሊንደር ፋሻው፣ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ችግር አለበት። ሁሉም እኩል ሆነው በጣም ዝቅ ቢሉ ደግሞ ሞተሩ ባጠቃላይ ተበልቷል ማለት ነው።

ውኃው፣ ዘይቱና ጭሱ

በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የሞተር መደበኛ ሙቀትም ከዚህ የሚርቅ አይደለም። ታዲያ የራዲያተሩ ውኃ ሁልጊዜ የማይፈላው ለምንድን ነው? ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝ ነው። ጤነኛ ክዳን ከውጭው አየር በላይ አንድ ባር ገደማ ጨምሮ ሲይዝ የመፍያው ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጥቂት ብር የሚያወጣው ክዳን ሲላላ ውኃው ይፈላል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። የጋለ ራዲያተር መክፈት አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ውኃው በቅጽበት ፈልቶ ይፈነዳል።

ስለዚህ መኪናዋ መታየት ያለባት ሞተሩ ሳይነሣ፣ ገና በማለዳ ነው። ገዢው መጀመሪያ ኮፈኑን በእጁ ይዳስስ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቋት ከሆነ የቀዝቃዛ አነሣሥ ችግሯን ሸሽጎ ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩ ፈሳሽ የዝገት ቀለም ካለው ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ብቻ ሲጨመርባት ኖሯል። የሞተር ዘይቱ ወተት የተጨመረበት ቡና ከመሰለ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮኗ ተበልቷል ማለት ነው። በባለ ሦስት ሲሊንደሩ ሞተር ላይ የውኃ ፓምፕ ማፍሰስ የታወቀ ችግር ስለሆነ በፓምፑ ዙሪያ የደረቀ የፈሳሽ ምልክት መፈለግ ይገባል።

ጭሱም ቋንቋ አለው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን፣ ሞተሩ ከጋለ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። በማለዳ ብርድ ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ነጭ ጭስ ግን ተራ እንፋሎት ነው።

የማይበራው መብራት

ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የሞተር፣ የዘይትና የኤርባግ መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ከዚያም ይጠፋሉ። ብዙ ሰው የሚፈራው የማይጠፋውን መብራት ነው። ነገር ግን ይበልጥ የሚያጠራጥረው ጨርሶ የማይበራው ነው፤ ብልሽቱን ለመሸሸግ ተነቅሎ ወይም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላልና።

የኤርባግ ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሠራቸው ኤርባጎች ውስጥ የነበረው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ብዛት እየተበላሸ፣ ኤርባጉ ሲነፋ የብረት ስብርባሪ በመርጨት በዓለም ላይ ከ20 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2015 ለጥገና ከጠራቸው ሚሊዮኖች መኪኖች መካከል ቪትዝም ትገኝበታለች። ከአገር ወደ አገር የተሸጠች መኪና ጥሪው ሳይደርሳት ቀርታ ሊሆን ስለሚችል በሻንሲ ቁጥሯ ማጣራት አስፈላጊ ነው።

የሻንሲ ቁጥሩ ምን ይላል?

ቪትዝ በሚል ስም በጃፓን የተሸጠች መኪና መሪዋ በቀኝ ነበር። እንዲህ ያለችው የሻንሲ ቁጥሯ አጭር ሆኖ በመጀመሪያው ትውልድ 997 ሲሲ ላይ «ኤስሲፒ 10»፣ በሁለተኛው ትውልድ 996 ሲሲ ላይ «ኬኤስፒ 90» ብሎ ይጀምራል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራች ያሪስ ግን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ቁጥር አላት። እንግዲህ መሪዋ በግራ የሆነ መኪና አጭሩ ቁጥር ከተገኘባት፣ መሪዋ ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ ተዛውሯል ማለት ነው። ይህ ብቻውን ከመግዛት አያግድም። ሆኖም የመሪው አያያዝ፣ የፍሬኑ መስመርና የኤርባጉ ሽቦ በሰው እጅ እንደገና ስለተሠሩ በታመነ ጋራዥ ሊፈተሹ ይገባል።

ማግኔት፣ ጎማና ሒሳብ

በስስ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ትልቅ መርማሪ ናት። የማግኔት ጉልበት ርቀት ሲጨምር በፍጥነት ይወድቃል። የፋብሪካ ቀለም ውፍረት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሆነ ማግኔቷ በላሜራው ላይ በደንብ ትይዛለች፤ ብዙ ስቱኮ በተለጠፈበት ስፍራ ግን ትወድቃለች። በፓራፋንጎና በበሮቹ ላይ እየተዘዋወሩ መሞከር የተጋጨችበትን ቦታ ያሳያል። የፊትና የኋላ መከላከያዎቹ ፕላስቲክ በመሆናቸው ፈተናው በእነርሱ ላይ አይሠራም።

ጎማም ይናገራል። ጎኑ ላይ ከታተሙት አኃዞች የመጨረሻዎቹ አራት የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 ዓ.ም. ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ጎማው በአንድ ጠርዝ ብቻ ከተበላ የእግሮቿ አቀማመጥ ተዛብቷል፤ ጎሚኒና ቴስቲናዋም ሊታዩ ይገባል። መኪናዋን በአንድ ማዕዘን ወደ ታች ገፍተው ሲለቋት አንዴ ተነሥታ ከረጋች አሞርዛተሯ ደኅና ነው፤ ደጋግማ ከዘለለች ግን ንዝረቱን የሚያበርድላት የለም።

ወደ ኪሎ ሜትሩ እንመለስ። መኪናዋ ከተሠራች 20 ዓመት ሆኗት 68 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ከሄደች በዓመት 3,400፣ በቀን ደግሞ ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ተነድታለች ማለት ነው። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ግን የፍሬን ፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ቆዳና የሾፌሩ ወንበር አብረው ሊመሰክሩ ይገባል። ፔዳሉ እስከ ብረቱ ተበልቶ ቆጣሪው ጥቂት ሲያሳይ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል፤ ፔዳል ደግሞ ወደ ኋላ አይቆጥርም።

በመጨረሻም የወረቀቱ ምርመራ አለ። በሊብሬው ላይ ያሉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በመኪናዋ ላይ ከተመቱት ጋር በፊደልና በአኃዝ መመሳሰል አለባቸው። መኪናዋ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለባት ሳይጣራ፣ የሻጩም የባለቤትነት ወይም የውክልና ሥልጣን ሳይረጋገጥ ቀብድ መክፈል ገንዘብን በጨለማ እንደ መቁጠር ነው።

ፍርዱ

የመምህሩ ልጅ ምን አገኘች እንበል? የተበላ ፔዳል፣ ጨርሶ የማይበራ የሞተር መብራት፣ በቀኝ በሩ ላይ ማግኔት የማይዝ ስቱኮ። እያንዳንዱ ብቻውን ማብራሪያ ሊገኝለት ይችላል። ሦስቱ በአንድነት ግን «ያልተነካችና ጥቂት የሄደች» የሚለውን ቃል ያፈርሱታል። አባትየው አሁን ሁለት መንገድ አላቸው፤ የጥገናውን ወጪ አስልተው ዋጋ ማስቀነስ፣ አለዚያም ማለፍ። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ቢላቸው እንኳ መቸኮል የለባቸውም። ሳይንስ የምናውቀውን ከምንመኘው እንድንለይ ያስተምራል፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም በዚያች ማለዳ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልገው ነገር የለም። የዓመታት ዕቁብ በአንዲት ጠዋት የሚወጣ ገንዘብ ነውና፣ ከመክፈል በፊት ደላላው ዝም ይበልና መኪናዋ ትናገር።