የተገኘበትና የተወለደበት፦ ጋላክሲዎች ስለ ጋማ ጨረር ፍንዳታዎች የሚመሰክሩት

የጋማ ጨረር ፍንዳታ ፀሐይ ዕድሜዋን ሙሉ ከምትሰጠው ጋር የሚመጣጠን ጉልበት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይለቃል። ምንጩ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሳይታወቅ የቆየው በዋናነት የፍንዳታዎቹ አድራሻ ስላልተገኘ ነው። በ1967 (ዓመታቱም ቀናቱም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኑክሌር ሙከራ እንዲጠብቁ የመጠቁት የአሜሪካ ቬላ ሳተላይቶች ያልታሰበውን ብልጭታ መዘገቡ፤ ግኝቱ ታትሞ የወጣው ግን በ1973 ነው። ከ1991 ጀምሮ ኮምፕተን የተባለው ሳተላይት ፍንዳታዎቹ በሰማዩ ላይ በየአቅጣጫው እኩል እንደተበተኑ አሳየ። ከፍኖተ ሐሊብ ጠፍጣፋ አካል የሚመጡ ቢሆኑ ኖሮ በዚያ መስመር ላይ ይጠራቀሙ ነበር። ያም ሆኖ ጋላክሲያችንን ከሩቅ ከከበበው ክፍል ነው የሚመጡት የሚሉ አልጠፉም። ክርክሩ ያከተመው በ1997 ነው። ቤፖሳክስ የተባለው ሳተላይት ከአንድ ፍንዳታ በኋላ የቀረውን ብርሃን ያዘ፤ ቴሌስኮፖች ወደ ቦታው ሲዞሩም ደብዘዝ ያለ ጋላክሲ ተገኘ። ከጥቂት ወራት በኋላ የሌላ ፍንዳታ ርቀት ሲለካ ብርሃኑ 7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የተጓዘ ሆነ።

አድራሻው ርቀትን ብቻ አይደለም የሚናገረው። ጎንደር ፒያሳ ላይ የምናገኛቸው ሽማግሌ ከዳባትም ከደባርቅም ወርደው ሊሆን ይችላል፤ በእግሩ መሄድ ያልጀመረ ሕፃን ግን፣ ያመጣው ሰው ከሌለ፣ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። ከዋክብትም እንደዚሁ ናቸው። በጣም ግዙፍ ኮከብ ዕድሜው ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ብቻ ስለሆነ ከተወለደበት የጋዝ ደመና ሳይርቅ ይሞታል። ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ግን እስኪጋጩ ድረስ እየተዟዟሩ ቢሊዮን ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ፤ በዚያ ላይ የፈጠራቸው የሱፐርኖቫ ፍንዳታ፣ ማለትም የግዙፍ ኮከብ ሞት፣ ገፍቶ ከሰፈራቸው ያስወጣቸዋል። ስለዚህ የጋላክሲው ዓይነትና ፍንዳታው በውስጡ ያለበት ቦታ ሟቹ ማን እንደነበረ ይመሰክራሉ።

ከ2 ሰከንድ በላይ የሚቆዩት ረጃጅም ፍንዳታዎች ምስክርነታቸው ጠንካራ ነው። አንድሩ ፍሩክተርና ባልደረቦቹ በ2006 በሀብል ቴሌስኮፕ ምስሎች እንዳሳዩት፣ የሚታዩት በአብዛኛው በትናንሽና ቅርጻቸው ባልተስተካከለ ጋላክሲዎች፣ ያውም በጣም ደማቅ በሆነው ክፍል፣ ከዋክብት በብዛት በሚወለዱበት ነው። በ1998ና በ2003 ከእንዲህ ዓይነት ፍንዳታዎች ጋር ሱፐርኖቫዎች መታየታቸው ሟቾቹ ግዙፍ ከዋክብት መሆናቸውን አጸና። ጋላክሲዎቹ ከሂሊየም በከበዱ ንጥረ ነገሮች ድሃ መሆናቸውም ምክንያት አለው፤ እነዚህ ንጥረ ነገሮች የበዙበት ኮከብ በኃይለኛ ነፋስ ቁሳቁሱን እያጣ ሽክርክሪቱም ይዳከማል፤ ያለ ፈጣን ሽክርክሪት ደግሞ ጋማ ጨረሩን የሚወረውረው ፍላጻ አይወጣም። እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል፦ ትልልቆቹ ጋላክሲዎች አቧራማ ስለሆኑ ቀሪውን ብርሃን ደብቀውብን ቢሆንስ? በከፊል እውነት ነው። በአቧራ የተጋረዱት ፍንዳታዎች ሲፈተሹ ብዙዎቹ በግዙፍና ቀላ ባሉ ጋላክሲዎች ውስጥ ተገኝተዋል። ሆኖም እነሱ ተጨምረውም ቢሆን፣ ለእኛ ቀረብ ባለው ዩኒቨርስ ትልልቆቹ ጋላክሲዎች ከሚወልዱት ኮከብ አንጻር ድርሻቸው ያንሳል። ተቃውሞው ድምዳሜውን አሻሻለው እንጂ አላፈረሰውም።

አጫጭሮቹ ሌላ ታሪክ አላቸው። ከ2005 ጀምሮ ስዊፍት ሳተላይት ያገኛቸው አንዳንዶቹ ኮከብ መውለድ ባቆሙ አሮጌ ጋላክሲዎች አጠገብ ታዩ፤ እዚያ ደግሞ በቅርቡ የተወለደ ግዙፍ ኮከብ መጠበቅ አይቻልም። ነሐሴ 17 ቀን 2017 የስበት ሞገድ ከተመዘገበ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ጋማ ጨረር መጣ፤ ምንጩም 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቅ፣ ኤንጂሲ 4993 በተባለ አሮጌ ጋላክሲ ውስጥ የተጋጩ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ነበሩ። ደካማው ጎን ሌላ ቦታ ነው። ጥንዶቹ ርቀው ከሄዱ ፍንዳታው ከየትኛውም ጋላክሲ ውጭ ይታያል፤ ያኔ የቅርቡን ጋላክሲ ቤቱ ነው ማለት የዕድል ስሌት እንጂ ማስረጃ አይደለም። በእኔ ግምት ከዘርፉ ድምዳሜዎች በጥርጣሬ መነበብ ያለባቸው እነዚህ ናቸው።

የቆይታ ጊዜ ግን ከአድራሻ የባሰ ምስክር ሆኖ ተገኝቷል። በ2006 100 ሰከንድ ገደማ የቆየ ፍንዳታ ሱፐርኖቫ ሳይታይበት አለፈ። በ2021 ሌላ ረጅም ፍንዳታ ኪሎኖቫ፣ ማለትም የግጭት ምልክት የሆነውን ብርሃን፣ ይዞ መጣ። የመጋቢት 2023ቱ ደግሞ ቤቱ ነው ከተባለው ጋላክሲ ከ100,000 የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ ታየ፤ በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕም የከባድ ንጥረ ነገር የቴሉሪየም አሻራ ተነበበበት። በተቃራኒው በ2020 ከአንድ ሰከንድ ያልዘለለ ፍንዳታ ከኮከብ መሞት የመጣ ሆኖ ተገኘ። የ2 ሰከንዱ መስመር ለመዝገብ አያያዝ ይጠቅም ይሆናል፤ ለፍርድ አይበቃም። አድራሻውም ቢሆን ለአንድ ፍንዳታ ብቻውን አይፈርድም፤ ጉልበቱ ብዙ ፍንዳታዎች ተሰብስበው ሲነጻጸሩ ነው።

ይህ ሥራ የሀብታም አገሮች ብቻ ነው የሚል ካለ ግማሹን ብቻ ነው ያየው። እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ የአዲስ አበባ መብራት ቢያውካቸውም ደማቅ ቀሪ ብርሃን ለመከታተል መጠናቸው አያንስም። የኢትዮጵያ ሰማይ ለወገብ መስመር ቅርብ ስለሆነ ከሰሜንም ከደቡብም የሚመጡትን ያሳያል። ደብዛዛ ጋላክሲዎችን ማንሳት ትልልቅ ቴሌስኮፖችን ይጠይቃል፤ የስዊፍት መረጃና የሀብል የቆዩ ምስሎች ግን ለማንም ክፍት ናቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስ ስትመርጡ ቤት ያልተገኘላቸውን አጫጭር ፍንዳታዎች አስቡባቸው።