የአስም በሽታና የጤና ጣቢያ ተግባር

ሌሊት ትንፋሹ አጥሮ፥ ደረቱ እየተሳበ፥ በሰው ትከሻ ተደግፎ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ በሽተኛ አይታችሁ ይሆናል። መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ትንፋሹ ይመለሳል፤ ቤተ ሰቡም አመስግኖ ይዞት ይሄዳል። ከወር በኋላ ግን ያው ሰው እንደዚያው ሆኖ ተመልሶ ይመጣል። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ እንዲህ ያለውን በሽተኛ ደጋግሜ ተቀብዬ ደጋግሜ ስሸኝ፥ ሥራዬን በሚገባ የፈጸምሁ ይመስለኝ ነበር። ስሕተቴን የተረዳሁት ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሄጄ፥ አስም መታከም ያለበት ትንፋሽ ባጠረበት ሌሊት ብቻ ሳይሆን ትንፋሽ ደኅና በሆነበትም ቀን መሆኑን በተማርሁ ጊዜ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብም ይኸው ነው።

አየር ወደ ሳንባችን የሚገባባቸው ቧንቧዎች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉና እየቀጠኑ ይሄዳሉ። አስም ባለበት ሰው የነዚህ ቧንቧዎች የውስጥ ሽፋን የተቈጣና ያበጠ ነው። ስለዚህ ጢስ፥ አቧራ፥ የአበባ ብናኝ፥ ብርድ፥ ጕንፋን ወይም ብርቱ ሩጫ ባገኘው ጊዜ በቧንቧዎቹ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኰማተራል፤ እብጠቱ ይጨምራል፤ አክታም መተላለፊያውን ይዘጋዋል። በዚህን ጊዜ ከደረቱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይልቁንም ሌሊትና ሊነጋ ሲል ሳሉ ይበረታል። ይህ ካለፈ በኋላ ሰውየው ፈጽሞ የዳነ ይመስላል፤ የውስጡ ቍጣ ግን ዐመድ እንደ ለበሰ ረመጥ ተዳፍኖ ይቈያል።

ከዚህም የተነሣ የአስም ዋና ዋና መድኃኒቶች ሁለት ዐይነት ናቸው። አንደኛው፥ እንደ ሳልቡታሞል ያለው፥ የተኰማተረውን ጡንቻ በጥቂት ደቂቃ የሚያላላ ማስተንፈሻ ነው። ሁለተኛው፥ እንደ ቤክሎሜታዞንና እንደ ቡደሶናይድ ያለው፥ የውስጡን ቍጣ ቀስ በቀስ የሚያበርድ ነው። የመጀመሪያው ወዲያው ስለሚያሳርፍ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ሁለተኛው ግን በዝግታ ስለሚሠራ፥ ብዙ ሰው «ምንም አልረባኝም» እያለ በሳምንቱ ይተወዋል። ነገር ግን በየጊዜው የሚመጣውን ጭንቅ የሚከላከለውና ከሞት የሚጠብቀው ይህ ሁለተኛው ነው። ማስተንፈሻውን ብቻ ይዞ መኖር ረመጡን ሳያጠፉ ጢሱን ብቻ እንደ ማራገብ ነው።

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ የብሪታንያ ሐኪሞች ምርመራ ያስረዳል። በአስም የሞቱ 195 ሰዎችን ጉዳይ መርምረው በ2014 (በኤውሮፓ አቈጣጠር) ባወጡት ዘገባ፥ ሕመሙ ሲብስባቸው ምን ማድረግ እንደሚገባቸው በጽሑፍ ተሰጥቷቸው የተገኙት 23 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ማስተንፈሻ ሲወስዱ ከነበሩትና የታዘዘላቸው ብዛት ከታወቀው ውስጥ 39 በመቶው ከመሞታቸው በፊት በነበረው አንድ ዓመት ከ12 በላይ ታዞላቸው ነበር። ይህን ያህል ማስተንፈሻ መፈለግ ራሱ የአደጋ ምልክት ነበር። «ጂና» በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም ድርጅትም በ2019 (በኤውሮፓ አቈጣጠር) ባወጣው መምሪያ፥ ዐዋቂዎችና ወጣቶች በማስተንፈሻ ብቻ እንዳይታከሙ፥ ቍጣ አብራጅ መድኃኒትም እንዲያገኙ መክሯል።

ይህን ለማረም የግድ ታላላቅ ሆስፒታል አያስፈልግም። የፊንላንድ መንግሥት ከ1994 እስከ 2004 (በኤውሮፓ አቈጣጠር) ባካሄደው የአስም ፕሮግራም፥ በሽታው ገና ሲጀምር እንዲታወቅና ቍጣ አብራጅ መድኃኒት ቶሎ እንዲሰጥ፥ በየጤና ጣቢያው የአስም ኀላፊ የሆኑ ሐኪምና ነርስ እንዲኖሩ፥ የመድኃኒት ቤት ሠራተኞችም በሽተኛውን እንዲያስተምሩ ተደረገ። ከዚህም በኋላ፥ የታወቁት በሽተኞች ቍጥር እየጨመረ ሳለ፥ በሽተኞቹ በሆስፒታል ተኝተው ያሳለፉት ቀን በ1993 ከነበረበት 110 ሺህ ያህል በ2003 ወደ 51 ሺህ ያህል ወረደ።

እንግዲህ አንድ ጤና ጣቢያ ሊያደርገው የሚገባው በአጭሩ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ በሽታውን በሚገባ መለየት። ሳል ሁሉ አስም አይደለም፤ የሳንባ ነቀርሳና የልብ ሕመምም ትንፋሽ ያሳጥራሉ። ስለዚህ ሕመሙ መቼና ከምን በኋላ እንደሚነሣ በሽተኛውን መጠየቅ፥ ቢቻልም የትንፋሹን ኀይል በትንሽ መለኪያ ከመድኃኒት በፊትና በኋላ መለካት ይገባል።

ሁለተኛ፥ በተለምዶ «ፓፍ» የተባለውን መድኃኒት አሳሳብ ማሳየት፥ በሽተኛውም ራሱ ሲያደርገው ማየት። ዕቃውን ይነቀንቃል፤ ትንፋሹን ያስወጣል፤ በከንፈሩ አጥብቆ ይይዛል፤ ሲጫነው በዝግታ ወደ ውስጥ ይስባል፤ እስከ 10 ሴኮንድ ያህልም ትንፋሹን ይይዛል። ቍጣ አብራጁን ከወሰደ በኋላ አፉን ይጕመጠመጣል። ለልጆች መድኃኒቱን ተቀብሎ የሚያቈይ መሣሪያ በመካከል ቢገባ ይሻላል። ይህ ሲታጣ በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጥ ላይ የፓፉን አፍ የሚያህል ቀዳዳ አብጅቶ መጠቀም እንደሚቻል፥ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ከተማ የተደረገና በ1999 (በኤውሮፓ አቈጣጠር) የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ሦስተኛ፥ ደኅና ሲሆን የሚወስደውን፥ ሲብስበት የሚጨምረውንና ሳይዘገይ ወደ ሐኪም የሚሄድበትን ምልክት በአንድ ቅጠል ወረቀት ጽፎ መስጠት። ማንበብ ለማይችል ሰው ማንበብ የሚችለውን ልጁን ወይም ጎረቤቱን አስጠርቶ ማስረዳት ነው።

አራተኛ፥ ሳይታመም የሚመለስበትን ቀን መቅጠር። በተመለሰም ጊዜ «በሳምንት ስንት ጊዜ ማስተንፈሻ ወሰድህ? ሌሊት ከእንቅልፍህ አስነሥቶሃልን?» ብሎ መጠየቅ። የመልሱ መብዛት መድኃኒቱ ወይም አወሳሰዱ መስተካከል እንዳለበት ይገልጣል።

በሕዝባችን መካከል «ፓፍ ሱስ ያስይዛል»፥ «ፓፍ የሚይዝ ሰው መጨረሻው ደርሷል» የሚል ወሬ አለ። ይህ ስሕተት ነው። በአፍ የሚሳበው መድኃኒት በቀጥታ ወደ ሳንባ ስለሚደርስ፥ ከሚዋጠው ክኒን እጅግ ባነሰ መጠን ይሠራል። አስምም ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ በሽታ አይደለምና ማንንም የሚያሳፍርና የሚያስደብቅ ነገር የለውም። በቤት ውስጥ ግን የኩበትና የእንጨት ጢስ፥ ሲጋራና የበዛ ዕጣን በሽታውን ስለሚያስነሡ፥ ምድጃውን ከመኝታ ቤት ማራቅና መስኮት መክፈት ይጠቅማል።

ለመምህራን የተለየ ቃል አለኝ። አንድ ተማሪ በክፍል ውስጥ ትንፋሽ ቢያጥረው አታስተኙት፤ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡትና አረጋጉት። የታዘዘለት ማስተንፈሻ ካለው በመሣሪያው በኩል 4 ጊዜ፥ አንድ በአንድ፥ በእያንዳንዱም መካከል 4 ጊዜ እያስተነፈሳችሁ ስጡት። ከ4 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ያንኑ ድገሙለትና ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ በመንገድም ላይ መስጠታችሁን አታቋርጡ። አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፥ ከንፈሩ ከጠቈረ ወይም ድንዝዝ ካለ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትጠብቁ ወደ ሕክምና አድርሱት። የደረቱ ድምፅ ዝም ማለቱም ሁልጊዜ የመዳን ምልክት አይደለም፤ አየር ፈጽሞ ማለፍ ሲያቅተው ደረት ዝም ይላልና።

ልጁ በማግስቱ ደኅና ሆኖ ሲመጣ ግን ነገሩ አለቀ አትበሉ። ወላጆቹን ጠርታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኳቸው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሌሊት ለመከላከል የሚመቸው ቀን ያ ነውና።