ቤቱ ርካሽ፣ መንገዱ ውድ

በሥራ ዝውውር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሠራተኛ ቤት ፍለጋ ሲወጣ ሁለት ነገር ይጎድለዋል፤ ጊዜና የሚያውቀው ሰው። የዝውውር ደብዳቤው ሥራ የሚጀመርበትን ቀን እንጂ የሚታደርበትን ቦታ አይነግረውም። ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ ወይም ከጅማ የተነሣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብዙውን ጊዜ ዘመድ ቤት ወይም ፔንሲዮን ያሳልፋል፤ ከሥራ የተረፈችውን ቅዳሜ ከሰዓትንና እሑድን ደግሞ ደላላ ተከትሎ ሲዞር ይውላል። ቦሌ፣ ካዛንችስ ወይም ሳር ቤት የሚጠራለት ኪራይ ከደመወዙ ጋር አልገጥም ይለዋል። ከዚያ ፍለጋው ወደ ዳር ይወጣል፤ መጀመሪያ ወደ አያት፣ ጀሞና ቱሉ ዲምቱ፣ ቀጥሎ ከተማውን አልፎ ወደ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ገላን።

መሐል ከተማ ለአዲስ መጪ የሚሆን ቤት የጠፋው በዋጋ መናር ብቻ አይደለም። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከፍ ያሉት በኪራይ ቤቶች ድርጅት ሥር ገቡ፤ የድርጅቱ ወራሽ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ይባላል። የእነዚህ ቤቶች ኪራይ ለብዙ ዓመታት ከገበያው እጅግ ያነሰ ስለነበረ አንዴ የያዘው አይለቀውም፤ ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረም አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ በበኩሉ ሰፋፊዎቹን መንደሮች የቆረቆረው ባዶ መሬት በተገኘበት ዳር ነው። ዕጣ ከደረሳቸው ብዙዎቹ ቤቱን ሳይገቡበት አከራዩት፤ ተከራዩም ቤቱን ተከትሎ ወጣ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ለመልሶ ማልማትና ለኮሪደር ልማት የፈረሱት የመሐል ከተማ ሰፈሮች ነባር ተከራዮቻቸውን ወደዚያው ዳር ልከዋል። ዛሬ አያት ጫፍ ላይ አንዲት ስቱዲዮ የሚጠይቅ ሰው የሚሽቀዳደመው ከሌላ ተዛዋሪ ጋር ብቻ አይደለም።

ከአዲስ አበባ የሚወጡት ዋና መንገዶች አምስት ናቸው፤ ዳር ያሉት ከተሞችም በእነዚሁ መውጫዎች ላይ ተቀምጠዋል። በደሴ መንገድ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በቢሾፍቱ መንገድ ገላን ይገኛሉ። ከ2015 ጀምሮ እነዚህ ከተሞች በኦሮሚያ ክልል ሥር ሸገር ከተማ በሚል አንድ አስተዳደር ተጠቃለዋል። ለተከራይ ግን አንድ ከተማ አይደሉም። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባን ማቋረጥ ግድ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ይረክሳል?» ሳይሆን «ሥራው በየትኛው መውጫ በኩል ነው?» መሆን አለበት። ቃሊቲ የሚሠራ ሰው ሱሉልታ ላይ ያማረ ቤት በጥሩ ዋጋ ቢያገኝ በየቀኑ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ተጉዞ በመንገድ ይከፍለዋል። ፒያሳ ወይም አዲሱ ገበያ ለሚሠራ ግን ያው ሱሉልታ ሁነኛ ሰፈር ነው፤ እንጦጦን ተሻግሮ ያለውን ብርድ ከቻለው።

ለገጣፎን ብዙ ሰው የሚመርጠው በአያትና በሲኤምሲ በኩል ወደ መገናኛ ስለሚያወጣ ነው። ቡራዩ ለአስኮና ለመርካቶ ይቀርባል፤ በግቢ ውስጥ የሚከራዩ ነጠላ ክፍሎችም አይጠፉበትም። ሰበታና ገላን የፋብሪካ ከተሞች ስለሆኑ ሥራቸው እዚያው ለሆነ ይመቻሉ።

ቢሾፍቱና አዳማ ለየት ይላሉ። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በራሱ መኪና ወይም በመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ለሚመላለስ ሰው ቢሾፍቱ የማይታሰብ አይደለም። ስሌቱ የሚሳሳተው መንገዱ የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ መሆኑ ሲዘነጋ ነው። ከቢሾፍቱ ቱሉ ዲምቱ የሚያደርሰው ጊዜ ከዚያ እስከ መስቀል አደባባይ ካለው የጠዋት መጨናነቅ ሊያጥር ይችላል፤ የክፍያ መንገዱ ገንዘብም በየቀኑ ነው።

የኪራዩ ልዩነት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማወቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ለምሳሌ ያህል ከተማ ውስጥ ካለው ቤት ዳር ያለው በወር 5,000 ብር ይቀንሳል እንበል። ከዳሩ ቤት እስከ አስፋልቱ በባጃጅ 15 ብር፣ ከአስፋልቱ መገናኛ በሚኒባስ 30 ብር፣ ከመገናኛ ቦሌ ሌላ 20 ብር ቢፈጅ አንድ ጉዞ 65፣ ደርሶ መልስ 130 ብር ነው። ቅዳሜን ጨምሮ በወር 26 ቀን ለሚሠራ ሰው 3,380 ብር ይሆናል። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ አሁንም ትርፍ አለው። ባልና ሚስት ሁለቱም የሚሠሩ ከሆነ ግን 6,760 ብር ይደርሳል፤ ርካሹ ቤት ውድ ሆኖ አረፈው። ሰዓቱ ገና አልተቆጠረም። ለአንድ ጉዞ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅበት ሰው በወር 78 ሰዓት ታክሲ ውስጥና ሰልፍ ላይ ያልፍበታል፤ ወደ አሥር የሥራ ቀን የሚጠጋ ማለት ነው። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ የትራንስፖርት ታሪፍም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ይህ ሒሳብ በየጊዜው እንደገና ሊሠራ ይገባዋል። ኪራዩ በውል የታሰረ ነው፤ ታክሲው አይደለም።

የመንግሥት ሠራተኛ ሒሳብ ሌላ ነው። የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሶች ሠራተኛውን በመታወቂያ በነፃ ስለሚያመላልሱ ለእሱ ዋናው ነገር የሰርቪሱ መስመርና ፌርማታ ነው። ብልህ ተዛዋሪ ደላላ ከመጥራቱ በፊት የቢሮ ባልደረቦቹን የሚጠይቀው «ሰርቪሱ የት የት ይቆማል?» ብሎ ነው። ከፌርማታው በእግር አሥር ደቂቃ የሚርቅ ቤት ከዋናው አስፋልት አጠገብ ካለው በተሻለ ዋጋ ሊገኝ ይችላል፤ በባጃጅ ብቻ የሚደረስበት ቤት ግን ሰርቪሱ ያተረፈውን መልሶ ይበላል።

ቤቱን ማየት ራሱ ሰዓት መምረጥ ይፈልጋል። ደላሎች ቤት ማሳየት የሚወዱት እሑድ ረፋድ ላይ ነው፤ መንገዱ ጭር ይላል፣ ፀሐዩም ግድግዳውን ያሳምረዋል። እውነቱ የሚታየው ግን ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ከሰፈሩ መውጫ ላይ ነው። የሚኒባስ ሰልፉ ስንት ሰው ይዟል? ታክሲው እዚያው ይሞላል ወይስ ሞልቶ ያልፋል? ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ የሚመልስ ይገኛል? በክረምት ደግሞ ዝናብ በጣለ ማግስት መሄድ ነው። ጥርጊያ መንገዱ ጭቃ ሲሆን ባጃጁ መታጠፊያው ላይ ያወርድና ይመለሳል፤ ቀሪውን ጫማ በእጅ ይዞ መጨረስ ነው።

ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚጠየቀው ውሃ ነው። «ውሃ አለ» የሚለው መልስ ብዙ ትርጉም አለው። በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ግቢው ሮቶ እንዳለውና ሮቶው ለተከራይም ጭምር ወይስ ለአከራይ ብቻ እንደሆነ ማወቅ ይገባል። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆነ ደግሞ ፎቁ ወሳኝ ነው፤ ግፊቱ ሲያንስ ውሃው አራተኛ ፎቅ ሳይደርስ ይቀርና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በደረጃ ይወጣል። በግቢው መደዳ ተደርድረው የቆሙ ቢጫ ጀሪካኖች ከአከራዩ ቃል ይልቅ ይታመናሉ።

መብራትም እንዲሁ ነው። የራስ ቆጣሪ ያለው ቤት ጣጣ የለውም። በጋራ ቆጣሪ የሚኖር ተከራይ ግን ወር በገባ ቁጥር በሒሳብ ይጨቃጨቃል፤ ከሁሉ የከፋው ጭቅጭቅ በምጣድ የሚመጣ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ ግቢውን ሁሉ የሚያጠፋበት ቤት ሞልቷል። አንዳንድ አከራይ እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን ይመድባል፣ አንዳንዱ ጨርሶ ይከለክላል። የተከለከለ ተከራይ እንጀራ ገዝቶ ይበላል፤ ይህም ኪራይ ውስጥ ያልተቆጠረ ኪራይ ነው።

በግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት የሚከራይ ሰው የሚፈትሸውን ያህል ይፈተሻል። አከራይዋ በር ላይ ቆመው «ስንት ናችሁ? ልጅ አለ? እንግዳ ይበዛል? ማታ በስንት ሰዓት ትገባለህ?» ይላሉ። ወንደላጤን የማይወድ አለ፤ ልጅ የማይወድም አለ። እዚህ ላይ ሁለት ነን ብሎ ከወር በኋላ አምስት ሆኖ መገኘት የሚያዋጣ አይደለም። የበር መዝጊያ ሰዓት፣ የልብስ ማስጫ፣ የሽንት ቤት ተራ ቀድሞ ከተነገረ ኋላ የሚያጋጭ ነገር አይኖርም። ከሥራ ማታ አምሽቶ የሚመለስ ሰው በሦስት ሰዓት የሚዘጋ በር ያለው ግቢ ቢረክስም አይሆነውም።

ደላላን ሙሉ በሙሉ መሸሽ ይከብዳል፤ ሰፈሩን የሚያውቀው እሱ ነው። ሆኖም የሚጠቅመው የኮሚሽኑ መጠን ቤቱ ከመታየቱ በፊት ሲቆረጥና ክፍያው ውል ከተፈረመ በኋላ ሲሆን ነው። «ለማሳያ» ወይም «ለመመዝገቢያ» ብሎ ቀድሞ ብር የሚጠይቅ ደላላ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የለውም። ከዚህ የባሰውም ያጋጥማል፦ ቁልፍ የያዘ ሰው አከራይ መስሎ ከብዙ ሰው ቀብድ ይቀበልና ስልኩን ይዘጋል። መከላከያው ቀላል ነው። የቤቱን ካርታ ወይም ቢያንስ በባለቤቱ ስም የመጣ የመብራት ወይም የውሃ ቢል ከመታወቂያው ጋር ማስተያየት፣ ከዚያም ጎረቤትን መጠየቅ። ከሁሉ የሚሻለው የማይከፈልበት ደላላ የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። ማን ሊለቅ እንደሆነ፣ የትኛው አከራይ ተከራይ እንደማይበረክትለት፣ ውሃ መቼ እንደመጣ ያውቃል። ለስላሳ ገዝቶ አሥር ደቂቃ ማውራት ብዙ ያስገኛል።

ሕጉ ተከራይን አልረሳውም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዝዛል። ውሉ ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ ይደረጋል፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ሕግ እየጣሰ ነው። ይሁን እንጂ ገበያው ሕጉን የሚያልፍበት ቀዳዳ አግኝቷል፤ በውሉ ላይ አንድ ዋጋ ይጻፋል፣ በእጅ ሌላ ይሰጣል። በእጅ ለተሰጠው ብር ማስረጃ የለም። አከራዩ ነገ «ልቀቅልኝ» ቢል ተከራዩ ሊያሳይ የሚችለው በባንክ ያለፈውን ብቻ ነው። ቸኩሎ የተስማማ ተዛዋሪ ይህን የሚረዳው ከረፈደ ነው።

አዋጁ አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ ይሠራል፤ በክልል ከተሞች ተፈጻሚነቱ በክልሉ ውሳኔ ላይ ይመሠረታል። በለገጣፎና በአያት መካከል ያለው ድንበር ደግሞ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ቤቱ በየትኛው ወረዳ እንደሚተዳደር ከመፈረም በፊት መጠየቅ ነው፤ ውሉ የሚመዘገበው፣ ከቀድሞው ቀበሌ የመጣው መሸኛ የሚቀርበውና የነዋሪነት መታወቂያ የሚወጣው እዚያ ነው። ዳግመኛ ሊዛወር የሚችል ሠራተኛ ውሉ ሳይሞላ የሚለቅበትን ሁኔታና የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ውሉ ላይ ማስጻፍ አለበት።

ልጆች ላሉት ቤተሰብ የወረዳው ጥያቄ የትምህርት ቤት ጥያቄም ነው። በኦሮሚያ ከተሞች የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዋና ማስተማሪያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በአማርኛ የተማረ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚገባበት ክፍል በአቅራቢያው መኖሩ ቀድሞ መረጋገጥ ያስፈልገዋል። ካልተገኘ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም በየጠዋቱ ልጅ ይዞ ወደ ከተማ መግባት በኪራዩ ላይ ይደመራል። ምዝገባ ከክረምቱ ጋር ስለሚያያዝ በነሐሴ ቤት የሚፈልግ ሰው ይበዛል፤ በጥርና በየካቲት ግን አከራይም ለድርድር ይለሳለሳል።

በዚህ ምክንያት ብዙ ተዛዋሪዎች ቤተሰባቸውን ሰኔ ላይ ትምህርት እስኪዘጋ ባሉበት ትተው ብቻቸውን ይመጣሉ። ለእነዚያ ወራት ከሥራ ቦታ በእግር የሚደረስባት አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ኪራይዋ ቢከብድም፣ ሳይታይ ከተያዘ የዳር ሰፊ ቤት ትሻላለች፤ ሰፊው ቤት ሰልፉንና ውሃውን በዓይን አይቶ፣ ሳይቸኩል ቢፈለግ ይደርሳል።