ከቡና ሲኒ ውስጥ መዓዛ የሚሰርቀው ካታዮን

ኑክሊዮፋይል ለሌላ የሚያካፍለው የኤሌክትሮን ጥንድ ያለው ሞለኪውል ወይም አዮን ነው። ኦርጋኒክ ካታዮን ደግሞ ኤሌክትሮን የጎደለውና አዎንታዊ ሙል የተሸከመ የካርቦን ውህድ ነው። ሲገናኙ ኑክሊዮፋይሉ ጥንዱን ያካፍልና አዲስ ቦንድ ይፈጠራል። ይህ አፀግብሮት ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል፤ ዓመታትም ሊፈጅ ይችላል።

ካልቪን ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1972 የኑክሊዮፋይሎች የፍጥነት ልዩነት ካታዮኑ ቢቀየርም ያው ሆኖ እንደሚቆይ ጻፈ። ሐሳቡ በጠባብ ክልል ውስጥ ሠራ፤ ሰፋ ሲል ግን አልበቃም። ኸርበርት ማይርና ማትያስ ፓትስ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሻለውን ቀመር አቀረቡ፦

ሎግ ኬ = ኤስ × (ኤን + ኢ)

ኬ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚለካው የፍጥነት ቋሚ ነው። ኢ የካታዮኑን ኤሌክትሮን ፈላጊነት፣ ኤን የኑክሊዮፋይሉን ሰጪነት ይገልጻል፤ ኤስም የኑክሊዮፋይሉ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ለ1 ይቀርባል። ኤስ 1፣ ኤን 5፣ ኢ −3 ቢሆኑ ኬ 100 ይወጣል። ኢ ወደ −4 ሲወርድ ኬ 10 ብቻ ይሆናል። የኤንና የኢ ድምር ከ−5 በታች ከሆነ በክፍል ሙቀት አፀግብሮት አይጠበቅም። የቀመሩ ትልቅ ጥቅም ቁጠባው ነው፦ 100 ካታዮኖችና 100 ኑክሊዮፋይሎች 10,000 ጥንዶች ሲሆኑ፣ ሁሉንም ለመገመት 300 ቁጥሮች ይበቃሉ።

በጌዴኦ ዞን ገደብ ወረዳ ከምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ የሚመጣው ቡና በካታዮኖች መካከል ያለውን የኤሌክትሮን ፈላጊነት ልዩነት ሲኒ ውስጥ ያሳያል። ጥሬው አረቢካ ቡና ከደረቅ ክብደቱ 1 በመቶ ገደማ ትራይጎኔሊን አለው። ቡናው ሲቆላ ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጥቶ ኤን-ሜቲልፒሪዲኒየም የሚባል ካታዮን ይሆናል። የካታዮኑ የአተሞች ቀለበት አሮማቲክ በመሆኑ የተረጋጋ ነው፤ ኢው ዝቅተኛ ስለሆነ በተፈላው ቡና ውስጥ ሳይነካ ይቆያል።

ሁለተኛው ካታዮን ግን ሌላ ጠባይ አለው። አሚኖ አሲዶችና ስኳሮች በመቁላቱ ሙቀት ሲዋሃዱ ቡናማው ሜላኖይዲን ይፈጠራል። ቶማስ ሆፍማንና ፒተር ሺበርለ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሜላኖይዲኑ ውስጥ ሁለት አዎንታዊ ሙል በአንድ ቀለበት የተሸከሙ የፒራዚኒየም አዮኖች መዓዛ እንደሚይዙ አመለከቱ። ሁለት ሙል በአንድ ቀለበት ላይ ሲሆን ኤሌክትሮን ፈላጊነቱ እጅግ ይጨምራል። ሲሳይ የሚሆንለት ኑክሊዮፋይል 2-ፉርፉሪልቲዮል ነው፤ የተቆላ ቡና ሽታ ዋና ባለቤት፣ በሊትር ውሃ የማይክሮግራም መቶኛ ገደማ ቢገኝ እንኳ አፍንጫ የሚለየው። በውስጡ ያለው ሰልፈር ከቀለበቱ ጋር ሲተሳሰር ቲዮሉ አይተንም፤ ስለዚህ አይሸትም።

ይህ የሚሆነው ቡናው ከተፈላ በኋላ በፈሳሹ ውስጥ ነው፤ በሙቀት መቆየቱም መዓዛውን ያጠፋዋል። የባንኮ ጎቲቲን ቡና በፔርሙዝ አታቆዩት፤ ከጀበናው እንደተቀዳ ጠጡት።