የሚነበብ ቃልና የሚጠራ ቃል፦ ስለ ቨርቹዋል ማሽን መመሪያዎች የፊደል እርማት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በአማርኛ ያዘጋጀውን አርባ ገጽ ያህል ጽሑፍ ይዞ ቢሮዬ መጣ። ከሥነ ጽሑፍ ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ሥልጠና ከገባ ቈይቷል። ጽሑፉ ለሠልጣኞች የተሰናዳ መመሪያ ሲሆን፣ ጉዳዩም ቨርቹዋልቦክስ በተባለው ሶፍትዌር አማካይነት በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ስለ ማቋቋም ነበር። «መምህር፣ ይዘቱን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ፊደሉን ብቻ ይዩልኝ» አለኝ። እኔም ፊደሉን ብቻ አየሁለት። «ስራ» የሚለውን «ሥራ»፣ «አይነት» የሚለውን «ዓይነት»፣ «ማህደር» የሚለውን «ማኅደር» እያልሁ አረምሁ። የመጨረሻው ቃል በየገጹ ስለሚመላለስ በ«ፈልገህ ተካ» ትእዛዝ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለወጥሁት። ሥራዬ አርክቶኝ ነበር የመለስሁለት።

በሳምንቱ ስልክ ደወለ። ሠልጣኞቹ ከአምስተኛው ገጽ ማለፍ አልቻሉም። በመመሪያው መሠረት የልምምዱን ማኅደር ስም በትእዛዝ መስመር ላይ ሲጽፉ ኮምፒዩተሩ «የለም» ይላቸዋል። ማኅደሩ ግን አለ፤ በዐይናቸው ያዩታል። ነገሩ ሲጣራ ተማሪዬ በየኮምፒዩተሩ ላይ ማኅደሩን የሰየመው በሃሌታው ሀ ሳድስ «ማህደር» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ቃሉ «ኀደረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነውና በብዙኃኑ ኀ ሳድስ «ማኅደር» ብዬዋለሁ። በመዝገበ ቃላት ሚዛን እኔ ልክ ነኝ። ሃያ ያህል ሰዎች ግን ግማሽ ቀን ያለ ሥራ ተቀምጠው የዋሉት በእኔ እርማት ምክንያት ነው።

ይህ አጋጣሚ፣ ለእኛ ለቋንቋ ሰዎች ያደረ የሚመስለንን ጥያቄ እንደገና እንዳነሣው አስገደደኝ። ይኸውም በቴክኒክ መመሪያ ውስጥ የፊደል ግድፈት የምንለው ምንድን ነው? አራሚስ እጁን እስከ የት ድረስ ሊያስገባ ይችላል? የሚለው ነው። ወደዚያ ከመሻገሬ በፊት ለጉዳዩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል።

ቨርቹዋል ማሽን በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒዩተር ማለት ነው። የራሱ ነው የሚለው ዲስክም ሆነ ማስታወሻ ከእውነተኛው ኮምፒዩተር ተቈርሶ የተሰጠው ነው። እውነተኛው ኮምፒዩተር አስተናጋጅ፣ በውስጡ የሚሠራው ደግሞ እንግዳ ይባላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አይቢኤም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በትልልቅ ኮምፒዩተሮቹ ላይ ሠርቶበታል። በተለመዱት ኮምፒዩተሮች ላይ የተስፋፋው ግን ዘግይቶ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዜን የተባለውን ሥራቸውን ያቀረቡት በ2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኬቪኤም የተባለው ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ከርነል አካል ሆኗል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። እውነተኛ ዲስክ ቢጠፋብን ከጠረጴዛው ሥር ጐንበስ ብለን እንፈልገዋለን። የእንግዳው ኮምፒዩተር ዲስክ ግን በአስተናጋጁ ላይ ያለ አንድ ፋይል ነው፤ የሚታወቀውም በስሙ ብቻ ነው። ኔትወርኩም እንዲሁ ነው፤ ማሽኑ ራሱም እንዲሁ ነው። በጣት የሚጠቈም ነገር በሌለበት ዓለም ሁሉም የሚያዘው በፊደል ነውና፣ ከሌላው የቴክኒክ ጽሑፍ ይልቅ በዚህኛው የአንዲት ፊደል መለወጥ የምታመጣው ጣጣ ይከፋል።

እንግዲህ በእንዲህ ዓይነቱ መመሪያ ውስጥ ሁለት ዐይነት ቃላት ጐን ለጐን ተሰልፈው እናገኛለን። አንደኛው ሰው እንዲያነበው የተጻፈ ነው። «ማኅደሩን ይክፈቱ» ቢባልም «ማህደሩን ይክፈቱ» ቢባልም ሠልጣኙ ይከፍታል፤ የፊደሉ ጉዳይ የሥርዐትና የክብር ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ሰው ወደ መሣሪያው እንዲያስተላልፈው የተጻፈ ነው፤ እርሱን የሚጠራ ቃል እለዋለሁ። የሚነበበውን ቃል የምናርመው በደንብ ነው፤ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ይፈርዱበታል። የሚጠራውን ግን በምስክር እንጂ በደንብ ማረም አይቻልም። ምስክሩም ማኅደሩ፣ ፋይሉ ወይም ትእዛዙ ራሱ ነው። የብራና ጽሑፍ ያነጻጸረ ሰው ይህን ልዩነት አያጣውም። በአንድ ቅጂ ላይ የሰው ስም ባልተለመደ ፊደል ተጽፎ ቢገኝ፣ አሰናኙ ሌሎቹን ቅጂዎች ሳያይ «ሊሆን የሚገባው ይህ ነው» ብሎ ቢለውጠው አስተካከለ አይባልም፤ አበላሸ ነው የሚባለው። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ስንት ዓመቴ! የኮምፒዩተር መመሪያ ሲሆን ግን ዘነጋሁት።

መሣሪያው ይህን ያህል ግትር የሆነበትን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። መዝገቡ ለእያንዳንዱ ፊደል ቍጥር ሰጥቶታል። በሰጠበት ጊዜ የተመለከተው መልክን እንጂ ድምፅን አይደለም። ሃሌታው ህ 4613፣ ሐመሩ ሕ 4629፣ ብዙኃኑ ኅ 4741 ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ ሦስቱን በአንድ ድምፅ ያነባቸዋል፤ ለኮምፒዩተሩ ግን በ4613 እና በ4741 መካከል ያለው ልዩነት በ«መ» እና በ«ተ» መካከል ካለው ልዩነት አያንስም። ስለ ሞክሼ ፊደላት ይቅሩ አይቅሩ እየተባለ ብዙ ቀለም ፈስሷል። እኔ የመጠበቁ ወገን ነኝ፤ «ሠዐለ» እና «ሰአለ» ተለይተው እንዲጻፉ የምወድ ሰው ነኝ። ነገር ግን ክርክሩ ሁልጊዜ ሰው አንባቢን ብቻ ያሰበ ነበር። መሣሪያው ሦስተኛ ወገን ሆኖ መጥቷል፤ እርሱም ይጠበቁ ወይም ይቅሩ አይልም፤ የተሰጠውን ፊደል ያንኑ መልሱልኝ ነው የሚለው።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስል የእንግሊዝኛውንም ማየት ይገባል። አንድ አንባቢ ወደ አንድ የኢንተርኔት ገጽ ከየት እንደመጣ የሚገልጸው የመልእክት መስክ «ሪፈረር» ይባላል። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ መካከል ላይ «አር» የተባለችው ፊደል ሁለት ጊዜ መጻፍ ነበረባት፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው የኤችቲቲፒ ሰነድ ላይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፋለች። ስሕተቱ ሲታወቅ ፕሮግራሞች ሁሉ በተሳሳተው ስም መጠራራት ጀምረው ነበርና ሊነካ አልቻለም። የ1999ኙ ሰነድ ያደረገው ነገር ቢኖር የመስኩ ስም የፊደል ግድፈት እንዳለበት በቅንፍ መናዘዝ ብቻ ነው። ኋላ የመጣው ተዛማጅ መስክ ደግሞ በትክክለኛው ፊደል ስለ ተሰየመ፣ ዛሬ ግድፈቱና እርማቱ በአንድ ፕሮቶኮል ውስጥ ጐረቤት ሆነው ይኖራሉ። በዩኒክስም ፋይል የሚፈጥረው ጥሪ ስሙ የመጨረሻዋን «ኢ» ፊደል አጥቷል። ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን ሥራውን እንደገና ቢሠራው ምን እንደሚለውጥ ተጠይቆ፣ ያችን ፊደል እንደሚጨምራት መመለሱ ይነገራል። የፊደላት መዝገብ የሆነው ዩኒኮድም ከዚህ አላመለጠም። በውስጡ አንድ የቅንፍ ምልክት አለ፤ «ቅንፍ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በስሙ ውስጥ ሁለት ፊደላቱ ቦታ ተለዋውጠው ተጽፏል። ስም አይለወጥም የሚል ደንብ ስላለ ግድፈቱ እንዳለ ቀርቶ፣ ትክክለኛው አጻጻፍ እንደ ቅጽል ስም ተመዝግቦለታል።

ይህ ሁሉ ግን እርማት ይቅር የሚያሰኝ አይደለም፤ እርማቱ እንዴት ይፈጸማል? ነው ጥያቄው። በነጻ ሶፍትዌር ዘንድ ያለው ልማድ ለእኛ ሙያ የቀረበ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፋብሪስ ቤላር በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ኪውኢሙን የመሰለ የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር መመሪያ ላይ ግድፈት ያገኘ ሰው፣ ጽሑፉን በቀጥታ አይለውጥም። ፓች፣ ማለትም እራፊ፣ አዘጋጅቶ ይልካል። በፓቹ ላይ የቀድሞው መስመር በመቀነስ ምልክት፣ የታረመው በመደመር ምልክት ተቀድመው አንዱ ከሌላው ሥር ይጻፋሉ። አራሚው ስሙን ይፈርምበታል፤ ሌላ ሰው አይቶ ያጸድቀዋል። የእኛ ጸሐፍት ብራናውን ፍቀው በላዩ ሲጽፉ የቀድሞው ንባብ ብዙ ጊዜ ይጠፋብናል። በዚህኛው ሥርዐት ግን የተፋቀው ከነፋቂው ስም ለዘለቄታው ተመዝግቦ ይቀመጣል። እኔ በ«ፈልገህ ተካ» ያደረግሁት በፓች መልክ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ፣ ተማሪዬ የአምስተኛውን ገጽ መቀነስና መደመር አንድ ጊዜ አይቶ «ይህችን ይተዉልኝ» ባለኝ ነበር።

ሥራውን በከፊል ለመሣሪያ የሰጡም አሉ። ኬቪኤም የሚገኝበት የሊኑክስ ከርነል የራሱ የግድፈት ዝርዝር አለው፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ የተለመደ ስሕተትና ትክክለኛው አጻጻፍ ተጐዳኝተው ተቀምጠዋል፤ አንድ ፕሮግራምም አዲስ የሚመጣውን ጽሑፍ በዚያ ይፈትሻል። መሣሪያው ግን ይጠቍማል እንጂ ቃሉ የሚነበብ ይሁን የሚጠራ አይፈርድም። በአማርኛ «ማረም» የሚለው ቃል የማሳውንም የጽሑፉንም ሥራ አጠቃሎ መያዙ ያለ ነገር አይመስለኝም። እንክርዳድና ስንዴ ዘለላ እስኪያወጡ ድረስ ይመሳሰላሉ፤ ቸኵሎ የሚነቅል ስንዴውን ይዞት ይወጣል።

ከፊደል ግድፈት የከፉ፣ ግን ምንም የፊደል ግድፈት የሌለባቸው ስሕተቶችም አሉ። የተማሪዬን መመሪያ ለሁለተኛ ጊዜ ሳነብ «ማሽኑን ያጥፉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሁለት ቦታ አገኘሁ። በመጀመሪያው ቦታ ማሽኑን ሥራ ማቆም ማለት ነው፤ መብራት እንደ ማጥፋት። በሁለተኛው ቦታ ግን ማሽኑን ከነዲስኩ ፈጽሞ ማስወገድ ማለት ነው። አማርኛ ለሁለቱም «ማጥፋት» ይላል፤ በመጀመሪያው ንባብ ሁለቱም በትክክል ስለ ተጻፉ አልፌያቸው ነበር። የሦስት ቀን ሥራ በዚህ አንድ ቃል ሊጠፋ ይችላል። የመጀመሪያውን «ይዝጉ»፣ ሁለተኛውን «ይሰርዙ» አሰኘነው። እንግሊዝኛውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ሊብቨርት በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ «ዲስትሮይ» የሚል ትእዛዝ አለ። ቃሉ ማውደም ማለት ነው፤ ትእዛዙ ግን ሶኬት እንደ መንቀል ማሽኑን በግድ ያቆመዋል እንጂ ዲስኩን አይነካም። ትእዛዙን ሳያውቅ መዝገበ ቃላት አይቶ የተረጐመ ሰው ሠልጣኙን ያለ ምክንያት ያስደነግጠዋል።

«ይጫኑ» የሚለውም እንዲሁ አስቸግሮናል። «ጫ» ሲላላ የ«ጫነ» ነው፤ ሶፍትዌሩን ኮምፒዩተሩ ላይ መጫን ማለት ነው። ሲጠብቅ የ«ተጫነ» ነው፤ ቍልፉን በጣት መጫን ማለት ነው። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ «ይህን ይጫኑ» የሚለው በወረቀት ላይ አንድ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ አኑረው ነበር፤ ልማዱ ግን አልተስፋፋም። ዩኒኮድ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጥብቀት ምልክት አለው። እኛ ግን ምልክቱን ብንጽፈው አንባቢው እንደ ቆሻሻ እንዳያየው ፈርተን፣ «ቍልፉን ይጫኑ»፣ «ሶፍትዌሩን ኮምፒዩተሩ ላይ ይጫኑ» እያልን በየቦታው አስረዘምነው።

በታረመው እትም የሚጠሩት ቃላት ሁሉ በሣጥን ውስጥ፣ በተለየ የፊደል ቅርጽ እንዲገቡ ተስማማን። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን አንዱንም ከወረቀት አላረምሁም፤ ተማሪዬ ኮምፒዩተሩን ከፍቶልኝ እያንዳንዱን ከስክሪኑ ጋር አስተያየሁ። ማኅደሩን እንደገና ለመሰየም አስበን ነበር፤ ነገር ግን ስሙን የሚጠሩ ሌሎች ፋይሎች ስለ ነበሩ እንዳለ ተውነው። ስለዚህ በአምስተኛው ገጽ ላይ በሐተታው «ማኅደር»፣ በሣጥኑ ደግሞ «ማህደር» ተጽፎ ይገኛል። አንድ ባልደረባዬ ጽሑፉን ተውሶ ካነበበ በኋላ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለችውን ህ በቀይ ከብቦ፣ በኅዳጉ ላይ «ኅ» ብሎ ጽፎ መለሰልኝ።