ሌድ ዜፕሊን ዊተን መጥቶ ነበር?

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ጆርጂያ አቬኑን ሳያውቅ አይቀርም። እንጀራው፣ ቅመሙ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ገንዘብ መላኪያው ሁሉ እዚያው መንገድ ዳር ነው። መንገዱ ከአርኮላ አቬኑ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ በ2019 የተከፈተ ቤተ መጻሕፍትና የስፖርት ማዕከል አለ፤ የእኔም ልጆች መጽሐፍ የሚዋሱት ከዚያ ነው። በዚያ ስፍራ ቀድሞ ዊተን ዩዝ ሴንተር የሚባል የወጣቶች ማዕከል ነበር፤ ፈርሷል። ክርክሩ ያለው እሱ ላይ ነው። ጃንዋሪ 20 ቀን 1969፣ ሰኞ ማታ፣ ሌድ ዜፕሊን የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ በማዕከሉ ጂም ውስጥ ሃምሳ ለሚሆን ሰው ተጫውቷል የሚሉ አሉ። በጭራሽ አልተጫወተም የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ደማቸው እስኪፈላ ይከራከራሉ።

(እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ ያ ሰኞ ጥር 12 ቀን 1961፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት ነበር።)

ሮክ ለማይሰማ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ፣ ድምጻዊው ሮበርት ፕላንት፣ ቤዝና ኪቦርድ የሚጫወተው ጆን ፖል ጆንስ፣ ከበሮ መቺው ጆን ቦንሃም በ1968 ተሰባሰቡ። በ1980 ቦንሃም ሲሞት ባንዱ አበቃለት። በመካከሉ ባሉት ዓመታት በዓለም ላይ ትልልቅ ስታዲየም ከሚሞሉ ባንዶች አንዱ ነበሩ። እኔ ያወቅኋቸው አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ከካሴት ወደ ካሴት ተገልብጦ ተገልብጦ ድምፁ በደከመ ቅጂ። «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» የሚጀምርበትን ጊታር ያለ ቴፕ ሹክሹክታ የሰማሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ቅጂ ዛሬም ይበልጥብኛል።

እንዲህ ያለ ባንድ የት የት እንደተጫወተ እንዴት ይጠፋል? ቢሮ አላቸው፣ ማናጀር አላቸው፣ መዝገብ ይኖራል ማለታችሁ አይቀርም። በ1968 መጨረሻ አሜሪካ ሲገቡ ግን ማንም አያውቃቸውም። ዲሴምበር 26 ዴንቨር ላይ ሲጀምሩ ቫኒላ ፈጅ ለተባለ ባንድ መክፈቻ ሆነው ነው። የመጀመሪያ አልበማቸው አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 12 ቀን 1969፣ ተወዛጋቢው ሰኞ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው ነበር። የጀማሪ ባንድ ፕሮግራም ደግሞ በስልክ ይያዛል፣ በስልክ ይሰረዛል። ክፍት ማታ ያለው አዳራሽ በአቅራቢያው የሚያልፈውን ባንድ ይጠራል፤ ሒሳቡ በጥሬ ገንዘብ ይዘጋል፤ ቫኑ ወደሚቀጥለው ከተማ ይነዳል። ለታሪክ ብሎ የሚመዘግብ አልነበረም።

ሥራውን የያዙት አድናቂዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ዴቭ ሉዊስ በ1978 «ታይት በት ሉዝ» የሚል የአድናቂዎች መጽሔት ጀመረ፤ በ1997 ደግሞ ከሳይመን ፓሌት ጋር ሆኖ «ዘ ኮንሰርት ፋይል» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። የባንዱን ኮንሰርቶች ቀን በቀን ተከትሎ የሚሄድ መጽሐፍ ነው። ሉዊስ ሬይ የተባለ ሌላ አድናቂ ደግሞ በድብቅ የተቀዱ ቴፖችን አንድ በአንድ እየሰማ የቱ ከየትኛው ማታ እንደሆነ ለይቶ መጽሐፍ ጻፈ። ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ አይደለም። ሰው ከሥራ ወጥቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ የሚሠራው ነው።

እነዚህ ሰዎች ማስረጃን የሚመዝኑበት መንገድ ደስ ይለኛል፤ ፍርድ ቤት ያለ ይመስላል። ፖስተርና የጋዜጣ ማስታወቂያ ከኮንሰርቱ በፊት ስለሚታተሙ የሚያረጋግጡት ዕቅዱን ብቻ ነው። ድምጻዊው ጉሮሮውን ታሞ ከተሰረዘ ማስታወቂያው ምን ያውቃል? ትኬትም እንደዚያው ነው። አዲስ ሰብሳቢ ሙሉ፣ ያልታጠፈ ትኬት ሲያገኝ ይፈነድቃል፤ የቆየው ግን በር ላይ የተቀደደውን ይመርጣል። ያልተቀደደ ትኬት ባለቤቱ አልገባም ማለት ነው፤ አለዚያም የሚገባበት ነገር አልነበረም። በማግስቱ የወጣ የጋዜጣ ሒስ ከሁለቱም ይሻላል፤ ጋዜጠኛው ቢያንስ ቦታው ላይ ነበር ተብሎ ይታመናል።

የስም ነገርም አለ። መጀመሪያ አብረው መድረክ የወጡት ሴፕቴምበር 7 ቀን 1968 ዴንማርክ፣ ግላድሳክሰ ውስጥ ነው፤ ያኔ ግን የሚጠሩት በጂሚ ፔጅ የቀድሞ ባንድ ስም «ያርድበርድስ» ተብለው ነበር። ዲሴምበር 30 ስፖኬን ከተማ፣ ጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲ ሲመጡ የወጣው ማስታወቂያ ደግሞ ስማቸውን «ሌን ዜፍሊን» ብሎ አረፈው። ትክክለኛውን ስም ብቻ ይዞ የድሮ ጋዜጣ የሚያገላብጥ ሰው ይህን ኮንሰርት አልፎት ይሄዳል። ደግነቱ የዚያ ማታ ቴፕ ተገኝቷል፤ ዛሬ በእጅ ካሉት የባንዱ የመድረክ ቅጂዎች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው።

ቴፕ ንጉሥ ነው። ዘፈኖቹን ብቻ አይደለም የሚይዘው። ፕላንት በዘፈን መካከል የከተማውን ስም ይጠራል፣ ስለ አየሩ ያማርራል፣ ገና ያልወጣ ዘፈን ያስተዋውቃል፤ ይህ ሁሉ ለቀኑ ምስክር ይሆናል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ማይክ ሚላርድ የሚባል ሰው ነበር፤ ናካሚቺ ቴፕ መቅጃውን በተሽከርካሪ ወንበር ደብቆ፣ እግሩ ደኅና ሆኖ ሳለ እየተገፋ ፎረም አዳራሽ ይገባ ነበር። ጁን 21 ቀን 1977 የቀዳውን የሰማ ሰው ከቦንሃም ከበሮ ፊት የተቀመጠ ይመስለዋል። የባንዱ ማናጀር ፒተር ግራንት በበኩሉ ቀጂ ሲያይ ዓይኑ ይቀላ ነበር። በ1971 ቫንኩቨር ላይ የድምፅ መጠን ሊለካ የመጣን ሠራተኛ መሣሪያ ቴፕ መስሎት እንዳስሰባበረው ይነገራል። ግራንት የባንዱን ጥቅም ማስጠበቁ ነበር፤ አልፈርድበትም። ቢሳካለት ኖሮ ግን የባንዱ የመድረክ ታሪክ እኩሌታ ዛሬ አይኖርም ነበር።

ወደ ዊተን ልመለስ። ለዊተን ቴፕ የለም። ፎቶ የለም፤ ፖስተር፣ ትኬት፣ ውል፣ የጋዜጣ ማስታወቂያም የለም። ታዲያ ሰው ለምን አይተወውም? ቀን መቁጠሪያው አያስተውም። ባንዱ ከጃንዋሪ 17 እስከ 19 ዲትሮይት፣ ግራንዴ ቦልሩም ነበር። ከ23 እስከ 26 ቦስተን ቲ ፓርቲ የተባለ ክለብ ነበር። በመካከሉ ክፍተት አለ፤ ገና እግሩን ላልተከለ ባንድ ደግሞ ሥራ የሌለው ቀን ኪሳራ ነው። በዚያ ላይ ባሪ ሪቻርድስ የተባለ የአካባቢው የሬዲዮ ዲጄ «ያመጣኋቸው እኔ ነኝ» ይላል። «በዓይናችን አየን» የሚሉም ሰዎች አሉ።

ጄፍ ክሩሊክ የተባለ የሜሪላንድ ፊልም ሠሪ ይህን ነገር ይዞ ዓመታት ደከመበት። ክሩሊክ በ1986 ከኮንሰርት አዳራሽ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያ ላይ የሚጨፍሩ አድናቂዎችን ቀርጾ «ሄቪ ሜታል ፓርኪንግ ሎት» በሚል አጭር ፊልም የታወቀ ሰው ነው። የዊተኑን ፊልም «ሌድ ዜፕሊን ፕሌይድ ሂር» ብሎ በ2013 አሳየው። ፊልሙን አይቼዋለሁ። የሚያስቀው ያስቃል፤ ግን አንዱ ሽማግሌ የሌላውን ምስክርነት ሲያፈርስ ስታዩ ሆዳችሁ ይባባል። ሰው የራሱን ወጣትነት ሲመሰክር ውሸታም ማለት ይከብዳል።

እኔም የበኩሌን ልሞክር ብዬ ከኢቭኒንግ ስታር ማይክሮፊልም ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ይህ የዋሽንግተን ጋዜጣ በ1981 ተዘግቷል፤ ገጾቹ ግን በፊልም ጥቅል አሉ። ማይክሮፊልም ለማያውቅ፦ ጥቅሉን ማሽኑ ላይ ትሰካላችሁ፣ ስታዞሩት ገጾቹ በስክሪኑ ላይ ይሮጣሉ፣ ትንሽ ስትቆዩ ራስ ያዞራል። የዚያ ሳምንት ጋዜጣ ኒክሰን በኒክሰን ነው፤ ያ ሰኞ እኮ የሪቻርድ ኒክሰን በዓለ ሲመት ቀን ነበር። ዋሽንግተን በሰልፍና በተቃውሞ ተጨናንቃለች። የመዝናኛው ገጽ ላይ ከጥፍር የማይበልጡ የሲኒማና የክለብ ማስታወቂያዎች ተጠቅጥቀዋል። ዊተን የሚል ቃል ፍለጋ እያንዳንዷን ሳጥን አየሁ። የለም። ይህ ግን ብቻውን አያስፈርድም፤ ለሰፈር ልጆች የተዘጋጀ ጨዋታ፣ ያውም ፕሮሞተሩ የሬዲዮ ሰው ከሆነ፣ ጋዜጣ ሳይነካ በአየርና በአፍ ሊዳረስ ይችላል።

የአፍ ምስክር እንዴት እንደሚያስቸግር ያየሁት በጎረቤቴ ነው። ጡረታ የወጡ፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። ዊተን ላይ ነበርኩ ብለው ይምላሉ። አንድ ቀን አጥር ላይ ተደግፈን ስንጫወት፣

«ምን ይመስል ነበር?» አልኳቸው።

«ሣሩ ላይ ተዘርግተን ነበር የሰማናቸው» አሉኝ፤ «ዘ ሁም ነበሩ።»

በጃንዋሪ ብርድ፣ ጂም ውስጥ፣ ሣር ከየት መጣ? ሌድ ዜፕሊን ዘ ሁ ከተባለው ሌላ የእንግሊዝ ባንድ ጋር በአንድ መድረክ የቀረበው ሜይ 25 ቀን 1969፣ ከዚህ ብዙ በማይርቀው ኮሎምቢያ ከተማ፣ ሜሪዌዘር ፖስት ፓቪሊዮን ነው። እዚያ ሣር አለ። ጁላይ 11 ደግሞ ሎረል በሚገኘው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ በተደረገ ፌስቲቫል ተጫውተዋል። ጎረቤቴ አልዋሹም፤ ባንዱን በእርግጥ አይተዋል፣ በዚያው ዓመት፣ በዚሁ ክፍለ ሀገር። የተዛወረው አዳራሹ ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው ተቆጡ እንጂ አልተቀበሉም፤ እኔም ቡና ጋብዤ ነገሩን አለሳለስኩት።

ከዊተን ምስክሮች ስንቶቹ እንደ ጎረቤቴ ናቸው? ሁሉም ናቸው ማለት ግፍ ነው። ጂሙን፣ ብርዱን፣ የኒክሰንን ቀን አስተካክለው የሚናገሩም አሉ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ቀኑ ከባንዱ ዝርዝር ውስጥ ይቀመጥ፣ ጥያቄ ምልክቱም አብሮት ይቀመጥ። ጠንቃቃ አድናቂዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ምልክቱን ሊያስነሳ የሚችለው አንድ ፎቶ ነው፤ ያ ፎቶ ካለ ደግሞ የሚገኘው ሜሪላንድ ውስጥ ባለ የአንድ ሰው ምድር ቤት፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ በአማርኛ የምጽፈው ለሌድ ዜፕሊን ብዬ ብቻ አይደለም። የእኛው ዋልያስ ባንድ በ1981 ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር አሜሪካ መጥቶ ተዘዋውሮ ተጫውቷል። ከባንዱ አባላት ጥቂቶቹ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ቀሩ። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ለዓመታት ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ኖሯል፤ በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ነው ዓለም ዳግም ያወቀውና መድረክ ላይ የተመለሰው። ያ የ1981 ቱር በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው አዳራሽ፣ በየትኛው ቀን እንደተደረገ ከእንግሊዝ ባንድ ባልተናነሰ ሊመዘገብ ይገባዋል። ያዩት ሰዎች በሕይወት አሉ። ብዙዎቹም ዛሬ ጆርጂያ አቬኑ ላይ እንጀራ ይገዛሉ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አልበምህን ግለጥ። እናትና አባትህም ካሉ የእነሱንም አስገልጥ። የኮንሰርት ፎቶ፣ የተቀደደ ትኬት፣ በራሪ ወረቀት፣ አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ ካሴት ካገኘህ አትጣል። ቀኑን፣ ከተማውን፣ የአዳራሹን ስም፣ አብሮህ የነበረውን ሰው ስም ከጀርባው ጻፍበት። በእርሳስ ጻፈው፤ የቢክ ቀለም ወደ ፎቶው ይዘልቃል።