ማይጎማ፦ በካርቱም የተጣሉ አራሶች ቤት

ካርቱም ውስጥ ማይጎማ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የመንግሥት የሕጻናት ማሳደጊያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተው ይህ ቤት በልማድ የወላጅ አልባዎች ቤት ይባል እንጂ፣ የብዙዎቹ ልጆች እናት በሕይወት አለች። በሱዳን ያለ ጋብቻ መውለድ ለቤተሰብ ውርደት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የወንጀል ሕግም ዝሙት ያስቀጣል። ስለዚህ ሆዷን ደብቃ የከረመች ልጅ ተሸሽጋ ትወልድና አራሱን ሰው የሚያልፍበት ቦታ ትተዋለች። ያገኘው ሰው ለፖሊስ ይናገራል፤ ሕጻኑም ማይጎማ ይገባል።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2003 ሊያግዝ የገባው የሕጻናቱ ሞት አሳሳቢ ስለሆነ ነበር። መድኃኒት ብቻውን አይበቃም ነበር። አራስ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መጥባት አለበት፤ ተቅማጥ ሲይዘው ሰውነቱ የሚደርቀው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ይህንን የሚያይለት ሞግዚት ብዙ አልጋ ከተሰጣት የአንዱ ለቅሶ ከሌላው ጋር ይደባለቅባታል። በእኔ እምነት የማይጎማ ዋና ንብረት ሞግዚቶቹ ናቸው።

ሌላው መፍትሔ ልጁን ከዚያ ቤት ቶሎ ማውጣት ነበር። በእስልምና ሕግ አሳዳጊ ለልጁ የራሱን ስም አያወርስም፤ እንደ ጉዲፈቻ ልጅ እኩል ወራሽም አያደርገውም። ካፋላ ግን ይፈቀዳል፤ ማለትም ቤት አስገብቶ፣ አብልቶና አስተምሮ ማሳደግ። ችግሩ ልጁ ሲጎረምስ ለአሳዳጊዋ ባዕድ ወንድ መሆኑ ነው። አሳዳጊዋ ወይም እህቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሚገባ ካጠባችው ግን የጡት ዝምድና ይፈጠራል፤ ከአሳዳጊዋ ጋርም ያለ መሸፋፈን ይኖራል። የጡት ልጅ ለሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

ሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. በሠራዊቱና ፈጥኖ ደራሽ በሚባለው ኃይል መካከል ጦርነት ካርቱም ውስጥ ሲፈነዳ ቤቱ 400 ገደማ ልጆች ነበሩት። ተኩሱ መንገዱን ስለዘጋው ሞግዚቶቹና ነርሶቹ ወደ ሥራ መምጣት አልቻሉም። መብራትም ጠፋ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 50 ሕጻናት በትኩሳት፣ በምግብ እጦትና በድርቀት ሞቱ፤ የገደላቸው ጥይት አልነበረም። በጎ ፈቃደኞች በማኅበራዊ መገናኛ ጮኹ። በሰኔ መጀመሪያ ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴና ዩኒሴፍ ተባብረው 300 ያህሉን ወደ ዋድ መዳኒ አወጧቸው። በታኅሣሥ ያቺም ከተማ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀች።

ጦርነቱ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ቤት የሚያስፈልጋቸውን ያበዛል፤ ተደፍረው የሚወልዱ ይኖራሉና። ዩኒሴፍ በመጋቢት 2025 ይፋ ባደረገው መሠረት፣ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ብቻ በሱዳን 221 ሕጻናት መደፈራቸው ተመዝግቧል፤ አራቱ ገና የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። የአዋቂ ሴቶቹ ቁጥር በዚህ ውስጥ የለም፤ ወጥቶ የሚያመለክተውም ጥቂት ነው። ሕጉ ለተደፈረች ሴት እስከ 90 ቀን ድረስ ጽንስ ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ ግን በተከበበች ከተማ ሐኪም ቤቱስ ፖሊሱስ የት ተገኝቶ?

ሠራዊቱ በመጋቢት 2025 ካርቱምን መልሶ ይዟል። ሕንጻ ይጠገናል። የሚከብደው ልምድ ያላቸውን ሞግዚቶችና ልጅ ለመቀበል ፈቃደኛ የሆኑ ቤተሰቦችን ከተበተኑበት መሰብሰብ ነው።